ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

ቡሬ ገበያ ላይ ጠገራ ይዞ የወጣ ሰው ከሚዛኑ በፊት ወሬው ይቀበለዋል። አንዱ «ይሄ እኮ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ ፈረንጅ ቢያገኘው መኪና ይገዛልሃል» ይለዋል። ሌላው ሳንቲሙን በአውራ ጣቱ እያሻሸ «ተበልቷል፣ የሴትዮዋ ፊትም ጠፍቷል፤ እንዲሁ ለልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው፤ አንዳቸውም ግን ሚዛን አላዩም። የጠገራ ዋጋ አብዛኛው የሚገኘው ከሚዛን ላይ ስለሆነ፣ ሒሳቡን እቤቱ ሠርቶ የመጣ ሻጭ የመጀመሪያውን ሰው ተስፋም የሁለተኛውን ሰው ማጣጣልም ሰምቶ ያልፋል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በግሽ ዓባይ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ተደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ሐሰት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በአያቶች ዘመን እውነት የነበሩ፣ ዛሬ ግን ሻጩን የሚጎዱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ከሚያሳስተው ልጀምር።

«1780 ይላል፤ ስለዚህ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው»

ቁጥሩ በእርግጥ አለ። በጠገራው ላይ ፊቷ የሚታየው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ከሞተች በኋላ ግን ብሯ በዚያው መልኳና በዚያው ቁጥር መታተሙን ቀጠለ። በቀይ ባሕር ዳርና ዳርም ሆነ በእኛ አገር ያለው ነጋዴ የለመደውን ፊት ካላየ አይቀበልም ነበርና፣ ቁጥሩን መቀየር ገበያውን ማጣት ነበር። በ1858 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ራሷ ከመገበያያነት አወጣችው፤ ማተሙን ግን አላቆመችም። የቪየናው ማተሚያ ዛሬም ድረስ ያትመዋል። ከቪየና ሌላ ፕራግ፣ ሚላን፣ ቬኒስ፣ በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ አትመውታል። ጠቅላላው የታተመው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

የሮሙ ታሪክ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ወረራውን ሲያሰናዳ የብሩን ማተሚያ ቅርጽና መብት ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ተረከበ። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ደግሞ በምሥራቁ ንግድ ጠገራ እንዳይነጥፍባቸው የየራሳቸውን ማተም ጀመሩ። ስለዚህ ጣሊያን ለባንዳ የከፈለውም፣ እንግሊዝ ለአርበኛ የከፈለውም 1780 የሚል ያው ጠገራ ነው።

የግሽ ዓባይ ሰው ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለ የእንግሊዝ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ፤ መቀመጫውንም ግሽ ዓባይ ባለበት ሰከላ ላይ አደረገ። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ሳንድፎርድን ለማነጋገር በአውሮፕላን የመጣው ወደዚያው ወደ ሰከላ ነው። ለስንቅ፣ ለአጋሰስና ለአርበኛው ወጪ የሚከፈለው በጠገራ ነበር። በ1940 እና በ1941 እ.ኤ.አ. የቦምቤይ ማተሚያ ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ሲባል በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ አተመ። እንግዲህ በሰከላ አንድ ቤት በማሰሮ ተቀብሮ የኖረ ጠገራ 1780 ቢልም፣ ከህንድ የመጣና በዕድሜ ከባለቤቱ አባት ብዙም የማይበልጥ ሊሆን ይችላል።

ለዋጋው ይህ ምን ማለት ነው? ሰብሳቢዎች የትኛው ማተሚያ እንዳተመው ከንስሩ ጅራት ላባ፣ ከልብሷ ማያያዣ ዕንቁዎችና ከመሰል ጥቃቅን ምልክቶች ይለያሉ፤ ለአንዳንዱም ተጨማሪ ይከፍላሉ። በእጃችን የሚገኘው አብዛኛው ጠገራ ግን በኋለኛው ዘመን የታተመ ስለሆነ በዕድሜው ሰበብ የሚጨመርለት የለም። ዋጋው በውስጡ ያለው ብር ዋጋ ነው፤ ያ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። አዲስ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ንጹሑ 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ነው፤ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። እናም አንድ ጠገራ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ብር ይዟል። ከዚህ ቀላል ሒሳብ አላውቅም፦ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ ጠይቁ፣ ሩቡን ቀንሱ፣ በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ አባዙ። ለምሳሌ አውንሱ 40 ዶላር፣ ምንዛሪው 140 ብር ቢሆን፣ ጠገራው 30 ዶላር ወይም 4,200 ብር የሚያወጣ ብር ተሸክሟል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ትክክለኛው ስልክ ያለው የትኛውም ተማሪ በደቂቃ የሚያገኘው ነው።

ገዢው ሙሉውን አይከፍልም፤ መክፈልም አይጠበቅበትም። ያቀልጣል፣ ያነጥራል፣ ሲያነጥር ይጎድልበታል፣ ሠርቶ እስኪሸጥም ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። በእኔ ሚዛን ግን ከአምስት እጅ አራቱን የማይከፍል ሰው ፊት መቆም አያስፈልግም። በምሳሌያችን ከ3,360 ብር በታች ከሆነ ጠገራውን ወደ ቋጠሮው መመለስ ነው።

«ተበልቷልና ግማሽ ዋጋ ነው»

ይህ አባባል ከባዶ አልመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበያ ላይ ጠገራ የሚመረመረው በዓይን ነበር። ነጋዴው በትከሻዋ ላይ ያለውን ማያያዣ፣ በዙሪያው የተደረደሩትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ተፍቆ የማይቆጠር ከሆነ አልቀበልም ይላል፤ ወይም ቅናሽ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጠገራ ገንዘብ ስለነበር፣ ቀጥሎ የሚቀበለው ሰውም እንዲህ ብሎ እንዳይመልስበት መፍራቱ ልክ ነበር። ዛሬ ግን ማንም በጠገራ በሬ አይገዛም። የሚሸጠው ብሩ ነው፤ ለብሩ ደግሞ የዕንቁዎቹ መቆጠር አለመቆጠር ምኑም አይደለም።

መበላት ምን ያህል እንደሚያጎድል እንይ። ከእጅ እጅ ሲዞር የኖረና ፊቱ የለሰለሰ ጠገራ 27.4 ግራም ቢመዝን፣ የጎደለው ከግራም ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከመቶ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። በላይኛው ምሳሌ 100 ብር ገደማ ማለት ነው። «ተበልቷል» ብሎ 100 ብር የሚቀንስ ገዢ ትክክለኛ ሰው ነው። «ተበልቷል» ብሎ 2,000 ብር የሚቀንስ ግን የተበላውን ከጠገራው ላይ ሳይሆን ከሻጩ ላይ ነው የሚፈልገው።

ገበያ ላይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሦስት ጠገራ መደርደሪያው ላይ ያኖራሉ። ባለሱቁ አንሥቶ ያገላብጥና «እማማ፣ ይቺ ደህና ናት፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ምንም አልቀራቸውም» ይላል። ሚዛኑ ከመደርደሪያው ሥር ነው። እማማ ማለት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፦ «ልጄ፣ ሚዛኑን እዚህ አውጣውና አንድ በአንድ አስቀምጥልኝ»። ሦስቱ ለየብቻ ሲመዘኑና አንድ ላይ ሲመዘኑ ድምሩ እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ ሚዛኑ ደክሟል፤ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። የድሮ ሰው ለዚህ ጥሩ ዘዴ ነበረው፤ ወቄት የሚባለው ክብደት የአንድ ጠገራ ክብደት ስለነበር፣ ደህና ጠገራ ያለው ሰው የሌላውን ሚዛን በራሱ ብር ይፈትን ነበር።

«የተበሳ ጠገራ ዋጋ የለውም»

ጠገራ በአንገት ይንጠለጠል ስለነበር ብዙዎቹ ተበስተዋል፤ አንዳንዶቹም ጆሮ ተበይዶላቸዋል። ሰብሳቢ የተበሳውን እንደማይፈልግ እውነት ነው። አንጥረኛ ግን ሊያቀልጠው ነውና ቀዳዳው ምኑን ያስከፋዋል? ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የሚወስደው ብር ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በምሳሌያችን 30 ብር አይደርስም። ሚዛኑም ያን ጉድለት ራሱ ቀንሶታል፤ ለቀዳዳው ሌላ ቅናሽ መጠየቅ አንዱን ጉድለት ሁለቴ ማስከፈል ነው። ጆሮው ላይ ግን ገዢው ጥያቄ ቢያነሣ መብቱ ነው፤ የተበየደበት ማዕድን ምን እንደሆነ አይታወቅምና፣ ተነቅሎ ቢመዘን ሁለቱም ወገን ያርፋል።

«አጥቦ ማብረቅ ዋጋ ይጨምራል»

አይጨምርም። በጭስ ቤት የኖረ ብር የሚጠቁረው በአየሩና በጭሱ ካለው ድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ጥቁረቱ ስስ ሽፋን ሲሆን ለሚያቀልጠው ምንም ለውጥ የለውም። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ የተፈተገ ጠገራ ግን ለሰብሳቢ ይበላሽበታል፤ ጭረቱን ወዲያው ያየዋል። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና አቧራውን ማስለቀቅ ይበቃል።

«ማግኔት ካልሳበው እውነተኛ ነው»

ይህ ሻጩንም ገዢውንም ያሳስታል። ብርን ማግኔት አይስበውም፤ ነሐስን፣ መዳብንና እርሳስንም አይስባቸውም። ተመሳስለው የተሠሩ ጠገራዎች ደግሞ ከእነዚህ ሊሠሩ ይችላሉ። ማግኔት የሚያጋልጠው በተለይ ብረት ያለበትን ነው። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማትም ለለመደ ጆሮ እንጂ ለሁሉ የሚሆን ፈተና አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ጠርዙን ይመልከቱ። የእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ላይ የንግሥቲቱ የላቲን መፈክር ዙሪያውን ከፍ ብሎ ተጽፏል፤ በጣት ይዳሰሳል። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ አስመሳይ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት መስመር የሚታይበትም አለ። እንዲሁም በጣም አዲስ መስሎ የሚያብረቀርቀውን «ፎርጅድ ነው» ብሎ መጣል አይገባም፤ ቪየና በቅርብ ያተመችው ሊሆን ይችላል፤ የብሩ መጠን አንድ ነው።

ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ውኃ ነው። የግራምን አንድ መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ ይሠራል። በመጀመሪያ ጠገራው ደረቁን ይመዘናል፤ 28 ግራም ይበሉ። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጠገራው በቀጭን ክር ታስሮ በእጅ እንደተያዘ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል፤ የብርጭቆውን ጎንም ታችም መንካት የለበትም። አሁን ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ጠገራው ደህና ነው። ነሐስ ከሆነ 3.3 አካባቢ ይላል፤ እርሳስ ከሆነ 2.5 ገደማ። ደረቁን ክብደት ለውኃው ንባብ ሲያካፍሉት 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። ጠገራው አይሞረድም፣ አሲድ አይነካውም። ሞርዶ ማየት የሚፈልግ ገዢ ካለ ከፊቱ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ትንሽ እንዲወስድ መስማማት ይቻላል፤ የተሞረደው ብናኝም የባለጠገራው ነው።

«ጠገራ ብቻ ነው ዋጋ ያለው፤ የቀረው ዝርዝር ነው»

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚከስር ይመስለኛል። ጠገራውን ጠብቆ ሌላውን ለልጅ ይሰጣል።

የምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ መታተም ሲጀምር ባላገሩ ፊት ነሥቶት ነበር፤ የለመደውን የሴትዮዋን ይመርጥ ነበር። የብር ይዘቱ ግን ከጠገራው ጋር ልክ ነው፤ እሱም የአውንስ ሦስት አራተኛ ይይዛል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለምኒልክ ብር ከማሪያ ቴሬዛው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ያን ያህል ብዛት አልታተመምና። ስለዚህ ምኒልክን ከማሪያ ቴሬዛ ጋር ደባልቆ በአንድ ዋጋ መሸጥ ስህተት ነው። አላዱ (ግማሽ ብሩ)፣ ሩቡና ግርሹም ብር ናቸው፤ ሩቡ ሰባት ግራም ያህል ይመዝናል።

የጃንሆይ ሽልንግም አለ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የገንዘብ አዋጅ ጠገራውን ከገበያ ለመተካት ሲነሣ፣ ከወረቀቱ ብር ጋር የ50 ሳንቲም የብር ሽልንግ አብሮ መጣ፤ በላዩ ያለው ዓመት በግእዝ ቁጥር 1936 ነው። ሰባት ግራም ይመዝናል፤ ከመቶ 80 እጁ ብር ነው፤ በኋላ የታተመው ወደ 70 ዝቅ ብሏል። በላይኛው ምሳሌ አንዱ ሽልንግ 1,000 ብር ገደማ የሚያወጣ ብር ይዟል። በሳጥን ሥር የተረሱ አምስት ሽልንጎች ካሉ ከአንድ ጠገራ ይበልጣሉ ማለት ነው። የዚያው ዘመን 25 ሳንቲም ግን መዳብ ነው፤ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ ከሽልንጉ ጋር መጠኑ ስለተመሳሰለ ነው በኋላ ጠርዙ የተሸነሸነው።

የ1969ኙ ሳንቲሞች ደግሞ ከአሉሚኒየም፣ ከነሐስና ከመዳብና ኒኬል ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ብር የለባቸውም። «የ1969 ሳንቲም በሚሊዮን ይሸጣል» የሚሉ የስልክ ወሬዎችን ያመነ ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ «የምዝገባ» ወይም «የማረጋገጫ» ገንዘብ ላክ ሲባል ይጠንቀቅ። ገዢ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

«ማቆየት ነው፤ ብር ሁልጊዜ ይጨምራል»

በኢትዮጵያ ብር ሲሰላ እንደዚያ ይመስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ጠገራው ከሣጥኑ ሳይነቃነቅ በሳምንታት ውስጥ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠጋ። የዓለም ገበያው ግን ሌላ ጠባይ አለው። በጃንዋሪ 1980 እ.ኤ.አ. አውንሱ 50 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በማርች 27 አንድ ቀን ብቻ ከ21 ዶላር ወደ 11 ዶላር ገደማ ተምዘገዘገ። የዚያን ጊዜውን ጣሪያ መልሶ ያለፈው በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ 45 ዓመት ፈጅቶበታል። ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለማዳበሪያ ገንዘብ የቸገረው ሰው ዋጋው ደህና በሆነ ቀን ቢሸጥ አይከፋም። ከአራቱ ሁለቱን ሸጦ ሁለቱን ማቆየትም ይቻላል።

«ውጭ አገር ቢሄድ አሥር እጥፍ ነው»

የብር ዋጋ ቪየናም ቡሬም አንድ ነው፤ ለአንድ ተራ ጠገራ አሥር እጥፍ የሚከፍል ፈረንጅ የለም። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ጓዙ ውስጥ አሮጌ ሳንቲም ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ለውጭ ዘመድ ጭኖ ከመላክ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀድማል። ማሳ ሲታረስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር የወጣ ነገር ከሆነም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ማሳወቅ ግድ ነው፤ በአያት ሣጥን ውስጥ ከኖረው የተለየ ጉዳይ ነው።

ለማን ይሸጥ የሚለው የሚወሰነው በሳንቲሙ ነው። የተበሳውን፣ የተበላውንና ጆሮ ያለውን አንጥረኛ ጋ መውሰድ ይሻላል፤ መስቀል፣ አምባርና ቀለበት ለመሥራት ብሩን ይፈልገዋልና፣ በመሃል ከቆመው ደላላ የተሻለ ሊከፍል ይችላል። በገጠር ስለ ባለእጅ የሚወራው ክፉ ወሬ ብዙ ሻጮችን ወደ ደላላው ገፍቷቸዋል፤ ዋጋውም አብሮ ተገፍቷል። የንግሥቲቱ ፊት ጥርት ብሎ ለሚታይበት ጠገራ የጌጣጌጥና የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ይሻላሉ። የምኒልክን ብር ግን አዲስ አበባን የሚያውቅ ዘመድ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሥቶ፣ ክብደቱን ጽፎ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ሳያሳይ ቡሬ ላይ መልቀቅ አይገባም።